ባንክረፕሲ ሊያስገባ ያሰበ ወገን ካላችሁ

አንድ ማታ አንድ ወንድማችን ኩርቱ ፌስታል አንጠልጥሎ ቤቴ መጣ። ውስጡ ያልተከፈተ ፖስታ ሙሉ ነው፤ የስምንት ወር። «ጋሼ፣ አልቻልኩም፣ ባንክረፕሲ ላስገባ ነው። መኪናዋን ግን ቀድሜ በስምዎ ላዙራት?» አለኝ። እሺ ልለው ነበር።

እንኳንም አላልኩ። አሜሪካ ውስጥ ባንክረፕሲ፣ ማለትም ከዕዳ ለመላቀቅ በፍርድ ቤት ኪሳራ፣ ሊያስመዘግብ የተቃረበ ሰው ንብረቱን በዘመድ ስም ካዞረ፣ ጉዳዩን እንዲይዝ የሚሾመው ሰው (ትረስቲ) ሁለት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ዝውውሩን ሊያስፈርስ ይችላል። ለመደበቅ ያደረገው ከሆነማ ዕዳው ላይሰረዝለት፣ አልፎም በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። የዘመድ ብድርም እንደዚሁ ነው። «የክሬዲት ካርዱ ዕዳ ይቆይ፣ መጀመሪያ የእህቴን ልመልስ» ማለት በእኛ ወግ ጨዋነት ነው፤ እዚህ ግን ፋይሉ ከመግባቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ለቤተሰብ የተከፈለውን ትረስቲው ከእህትየው እጅ ሊያስመልስ ይችላል።

ዕዳና ንብረት በሚዘረዘርበት ቅጽ ላይ ዕቁብም አይዘለልም። ዕጣው ወጥቶለት ከበላ ቀሪው መዋጮ ዕዳው ነው፤ ገና ካልደረሰው ደግሞ ያስገባው ገንዘብ ንብረቱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየምም ይጻፋል። «እዚያ ድረስ ማን ያየዋል?» የሚል መካሪ አይጠፋም፤ ቅጹ የሚፈረመው ግን ሐሰት ቢገኝ እንደሚያስቀጣ ታውቆ ነው። ባንክረፕሲ በራሱ ዜግነት አያስከለክልም። ቅጹ ላይ መዋሸት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ቡና ተፈልቶ ፖስታዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍናቸው። የካርድና የሆስፒታል ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ ይሰረዛል፤ የልጅ ቀለብ አይነካም፤ የቅርብ ዓመታት ታክስና የትምህርት ብድር ደግሞ እንደ ደንቡ ይቀራሉ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ለችግረኛ ቅናሽ የሚያደርጉበት መመሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ የሆስፒታሉ ሂሳብ ከመጣ በኋላም መጠየቅ ይቻላል። የጡረታ ቁጠባውን አውጥቶ ካርድ እንዳይከፍል ለምኑት፤ ፎር ኦ ዋን ኬይ የሚባለው የሥራ ቦታ የጡረታ ቁጠባ ባንክረፕሲ ውስጥም የተጠበቀ ነው።

ከፌስታሉ ሥር የፍርድ ቤት መጥሪያ ወጣ። መልስ መስጫው አምስት ቀን ቀርቶታል! ዝም ካሉት ለከሳሹ ይፈረድና ደሞዝ ወደ መቁረጥ ይኬዳል። የባንክረፕሲ ፋይሉ እንደገባ ግን ክሱም፣ የአበዳሪዎች ስልኩም፣ ቆረጣውም አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይቆማል።

ባንክረፕሲ ዓይነት አለው። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው የሚሄደው ቻፕተር 7 ወደሚባለው ነው፤ በጥቂት ወራት ያልቃል፣ የብድር ታሪክ በሚያዝበት ክሬዲት ሪፖርት ላይ ግን እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ቻፕተር 13 ከ3 እስከ 5 ዓመት እየከፈሉ የሚወጡበት ነው፤ የቤት ክፍያ ወደኋላ የቀረበት ሰው ቤቱን የሚያተርፈው በዚህ ነው። ኮሳይን ያደረጋችሁለት፣ ማለትም አብራችሁ ፈርማችሁ ዋስ የሆናችሁለት ዕዳ ካለ ልብ በሉ፦ በቻፕተር 7 እሱ ነፃ ሲወጣ አበዳሪው ወደ እናንተ ይመጣል።

ከማስገባቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ፈቃድ ካለው ድርጅት የክሬዲት ምክር መውሰድ ግዴታ ነው። የቻፕተር 7 ማስገቢያ 338 ዶላር ነው፤ በጣም ለተቸገረ ሊነሳ ይችላል፣ ሌላውም ከፋፍሎ እንዲከፍል መጠየቅ ይችላል። ከትረስቲው ጋር በሚደረገው ስብሰባ አስተርጓሚ በነፃ በስልክ ይቀርባል፤ አማርኛ ብላችሁ ቀድማችሁ አስታውቁ። ቅጹን ግን እናንተ አትሙሉለት፣ «እኔ እጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላም አትስጡት። ገንዘብ ልታወጡለት ከሆነ ለጠበቃ አውጡት፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮም ደውሉ።

እኛ በማግስቱ ጠዋት ደወልን። መኪናዋ በስሙ ቀረች።