ያማረ የመፀው ቀን እንዴት ይባክናል?

መፀው ስስታም ወቅት ነው። ያማረውን ቀን ቆጥሮ ነው የሚሰጠው። (አንዳንዱ «በልግ» ይለዋል። እኔ የማወራው ቅጠል ስለሚረግፍበትና ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድበት ጊዜ ነው።) ያቺን ቀን ደግሞ እኛው በእጃችን እናበላሻታለን። እንዴት እንደምናበላሻት ከራሴ ልጀምር።

ቅርቡን ንቆ ሩቅ መሄድ

አንድ ቅዳሜ ከእህቶቼና ከልጆቻቸው ጋር ውጭ ልንውል ተስማማን። ከቤታችን በእግር 10 ደቂቃ የማይሞላ፣ ዛፍ የከበበው ሜዳ አለ። «እሱማ የትም አይሄድም» ተባለና በመኪና 2 ሰዓት የሚወስድ ቦታ ተመረጠ። መንገዱ ተዘጋግቶ 3 ሰዓት ተኩል ፈጀብን። አንዱ ልጅ አስመለሰው። ታላቅ እህቴና ባሏ በአቅጣጫ ተጨቃጭቀው ተኮራረፉ። ስንደርስ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታለች። ማታ ስንመለስ ጎረቤታችን ምን ቢለን ጥሩ ነው? «ዛሬ ሜዳው እንዴት አምሮ ነበር መሰላችሁ!»

ቅርብ ቦታ ሌላም ጥቅም አለው። የደከመው ቀድሞ ወደ ቤት ይገባል፣ ሥራ ያለበት ዘግይቶ ይመጣል። ሩቅ ከሄዳችሁ ግን ሁሉም የአንድ መኪና እስረኛ ነው።

አርፍዶ መውጣት

«ጀምበር ሳለ ሩጥ» የተባለው ለዚህ ወቅት ይመስለኛል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል መስከረም 12 አካባቢ ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ ይረዝማል። በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ (ከምድር ወገብ እስከ ሰሜን ዋልታ ባለው መሃል) ያለ ሰው በዚያ ሰሞን በየቀኑ 3 ደቂቃ ገደማ ብርሃን ያጣል። በ2 ሳምንት ወደ 40 ደቂቃ መሆኑ ነው። ስለዚህ «ባለፈው እስኪመሽ ተጫውተን የለ» ብሎ መተማመን አያዋጣም። ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ከፍ ያለ ቤት ወይም ኮረብታ አጠገብ ያለ ቦታ ቶሎ ጥላ ይወርሰዋል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ብትወጡ ጥሩ ነው።

የቀትሩን ፀሐይ አይቶ መልበስ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ያሳመረው ጥርት ያለ ሰማይ ማታ ላይ ጠላት ይሆናል። ደመና እንደ ብርድ ልብስ ነው፣ የመሬቱን ሙቀት አፍኖ ያቆያል። ደመና ከሌለ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ድንገት ከች የሚለው ለዚህ ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል፣ ሲሞቅ ታወልቃላችሁ፣ ሲበርድ ትለብሳላችሁ። ሲሯሯጡ የሚውሉ ልጆች ቅያሪ ካናቴራ ይያዝላቸው። ላብ የጠጣ ጥጥ ቶሎ አይደርቅም፣ ማታ ጀርባ ላይ ይቀዘቅዛል።

ከሁሉ የሚረሳው መቀመጫ ነው። ላዩ የደረቀ ሣር ሥሩ እርጥብ ነው፣ ስስ ነጠላ ጨርቅ አይከላከልም። ከታች ፕላስቲክ፣ ከላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ። ለአዛውንት መደገፊያ ያለው ወንበር ይያዝ። እናቴን «በረደሽ እንዴ?» ስላት ሁሌም «ኧረ ምንም አልል» ነው መልሷ። እጇን ስይዘው ግን በረዶ ነው። ስለዚህ መጠየቁን ትቼዋለሁ፣ ዝም ብዬ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደርግላታለሁ፣ ከፔርሙሱም ትኩስ ነገር እቀዳላታለሁ።

የረገፈውን ቅጠል ምንጣፍ አድርጎ ማየት

እርጥብ ቅጠል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከሥሩም ጉድጓድ ወይም የዛፍ ሥር ይደብቃል። ልጆች ክምሩ ላይ ከመዝለላቸው በፊት በእንጨት ነካ ነካ አድርጉት። መንገድ ዳር ያለ ክምር ውስጥ ግን ጨርሶ አይግቡ፣ ሹፌር አያያቸውም። መዥገር ባለበት አካባቢ ቤት ስትገቡ ከጉልበት ጀርባና ብብት ሥር መፈተሽ ነው። መኪናም ደረቅ ቅጠል ላይ አይቆም። ከሥሩ ያለው የጭስ ማውጫ ክፍል በጣም ስለሚግል እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቀኑን በፕሮግራም ማጨቅ

4 ሰዓት ጨዋታ፣ 5 ሰዓት ፎቶ፣ 6 ሰዓት ምሳ። ይሄ ስብሰባ ነው! ፎቶውን መጀመሪያ ላይ ተነሡና ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

«በሚቀጥለው ሳምንት» ማለት

ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል መሥራት ያቆማል። ያኔ ቀድሞም ቅጠሉ ውስጥ የነበረው ቢጫ ብቅ ይላል። በአንዳንዱ ዛፍ ላይ ደግሞ አዲስ ቀይ ቀለም ይሠራል። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ውርጭ ሳይደርስ ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ቀዩ ይደምቃል። ግን የቅጠሉ አንገት በዚያው ሰሞን እየላላ ነው፣ አንድ ኃይለኛ ነፋስ ይበቃዋል።

እኛም ያንን ሜዳ በሳምንቱ ሄድንበት። ነፋሱ ቀድሞን ነበር።