የደሴ ኮክ ኮብለር፦ እሳቱ ከላይም ከታችም

ኮክ ጥሬውን ብቻ ነው የሚበላው ያለው ማነው? ክረምት ሲገባ ሰኞ ገበያ ላይ ሴቶቹ በሳፋና በቅርጫት ደርድረው ይሸጡታል። እኛም ገዝተን፣ በእጃችን ጠረግ አድርገን፣ እየገመጥን ወደ ቤት እንገባለን። እኔም እንደዚያ እወደዋለሁ። ግን ኮክ እሳት ሲያገኝ ሌላ ፍሬ ነው የሚሆነው። መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል። ጥሬው ላይ የነበረው ያ ጠንካራ፣ ጎምዘዝ ያለ ነገር ይለሰልሳል። ጭማቂው ከስኳሩ ጋር ተዋህዶ እንደ ማር ይወፍራል። ለዚህ ደግሞ ከኮብለር የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ኮብለር የአሜሪካኖች ምግብ ነው። ከታች በስኳር የተለወሰ ፍራፍሬ፣ ከላይ በማንኪያ ጣል ጣል የተደረገ ሊጥ፣ ከዚያ መጋገር ነው። የሚዳመጥ ሊጥ የለውም፤ ክሬም መቀባትና ማስዋብም የለበትም። ለጀማሪ የምመክረው ለዚህ ነው። እነሱ በበጋቸው ነው የሚሠሩት፤ የእነሱ በጋ ደግሞ የእኛ ክረምት ነው። ኮኩ እዚያም እዚህም የሚደርሰው በአንድ ሰሞን ነው ማለት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ምዕራብ አሜሪካ የሚጓዙ ሰፋሪዎች ኦቨን አልነበራቸውም። ኮብለሩን የሚጋግሩት በወፍራም ብረት ድስት ነበር፦ ከታች ፍም፣ ክዳኑ ላይም ፍም። ይሄ እኮ የድፎ ዳቦ አጋገር ነው! እናቶቻችን ሲሠሩት የኖሩት ነገር ነው። ስለዚህ «ኦቨን የለኝም» ብላችሁ አትተዉት። ሁለቱንም መንገድ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ኮኩ። እኛ ጋ የሚሸጠው አነስ ያለና ጠንከር ያለ ነው። ሥጋው ከውስጡ ፍሬ ጋር ይጣበቃል። አሜሪካኖቹ የምግብ አሠራር ላይ «ለሁለት ክፈሉና ፍሬውን አውጡ» ሲሉ የእነሱን ትልልቅ ኮክ አስበው ነው። የእኛን በቢላዋ ዙሪያውን እየላጡ መክተፍ ይሻላል። ኪሎ ኮክ ስትገዙ ፍሬውና ልጣጩ ሲወጣለት ከ700 እስከ 750 ግራም ያህል ይቀራል ብላችሁ አስሉ። ፍሬውን ግን ሰብራችሁ የውስጡን ለውዝ የሚመስል ነገር ምግብ ውስጥ አትጨምሩ። መርዛማ ነገር አለበት። ልጆችም እንዳይቆረጥሙት ወዲያው ጣሉት።

ስትመርጡ ቀለሙን ብቻ አትዩ፤ አሽትቱ። የበሰለ ኮክ ከግንዱ በኩል ይሸታል። አንድ ቀን ገበያው ላይ ያለው ሁሉ ጥሬ ሆኖብኝ «እማ፣ የበሰለ የለም እንዴ?» ብላት፣ ሻጯ «አብሽሪ ልጄ፣ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ከሙዝ ጋር አስቀምጪው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሙዝ የሚያወጣው ጋዝ ሌላውንም ፍሬ ያበስላል። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። የበሰለውን መላጥ ደግሞ ቀላል ነው፦ የፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክሮ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ መመለስ። ቆዳው በጣት ይለቃል። ካልለቀቀ ገና ነው፤ በቢላዋ ላጡት።

እንጆሪ ካገኛችሁ ጨምሩ። አጥር ሥር የሚበቅለውም ሆነ ከአትክልት ቤት የሚገዛው ይሆናል። ብዙ አያስፈልግም፤ ለኪሎ ኮክ አንድ ኩባያ ይበቃል። ቀለሙ ሮዝ ይሆናል፣ ጎምዛዛነቱም የስኳሩን ክብደት ይቀንሳል። እንጆሪ ከሌለ ፕሪም ጥሩ ምትክ ነው። በለስን ግን እባካችሁ አትጋግሩት። በዚያው ሰሞን በየመንገዱ ስለሚሸጥ ያጓጓል፤ ግን ውሃው ይበዛል፣ ጠጣር ፍሬውም ሊጡ ውስጥ ጥርስ ይፈትናል። ቀዝቀዝ አድርጋችሁ እንዲሁ ብሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ከስልኩ ላይ የውጭ አሠራር አይቶ ልክ በልክ ይሠራና ሊጡ ተነፍቶ ይወድቅበታል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ የከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ቶሎና ብዙ ያብጣል። ሊጡ ሳይጸና ይነሳል፣ ከዚያ ይሰምጣል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው፤ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ነገሩ ቀለል ይላል። እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው። አንድ ዓይነት ኮብለር እንሠራለን፤ እሷ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ስትጨምር እኔ 1 ተኩል ብቻ ነው የምጨምረው። የውጭው አሠራር ለዚያው ዱቄት እስከ 3 ማንኪያ ሊል ይችላል። አትስሙት።

ሁለተኛው የከፍታ ጣጣ ውሃ ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጭማቂውን የሚያወፍረው ኮርን ስታርች ደግሞ ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ጭማቂው ገና መፍላት ሲጀምር ከእሳት ካወጣችሁት ቀጭን ሾርባ ሆኖ ይቀራል። መሀሉም ጭምር ቀስ ብሎ፣ ወፈር ባለ አረፋ እስኪንተከተክ ጠብቁ፤ ከዚያም ቢያንስ 5 ደቂቃ ጨምሩለት። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

እንግዲህ እንሥራ። ለስድስት እስከ ስምንት ሰው ነው። የተላጠና የተከተፈውን ኮክና እንጆሪውን ከግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ከ2 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች፣ ከግማሽ ሎሚ ጭማቂና ከቁንጥር ጨው ጋር ለውሱ። ኮኩ በጣም ጣፋጭ ከሆነ ስኳሩን ቀንሱ፤ ቀምሳችሁ ወስኑ። ቅመም ላይ አሜሪካኖቹ ቀረፋ ነው የሚወዱት። እኔ ኮረሪማ ነው የምለው። የአንድ ኮረሪማ ፍሬ ወቅጣችሁ ጣል አድርጉበት፤ ከኮክ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ታዩታላችሁ። ቫኒላ የምትጨምሩ ከሆነና እስላም ጎረቤት የሚቀምሰው ከሆነ የዱቄቱን ቫኒላ ግዙ። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ አልኮል አለበት።

የለወሳችሁትን በመስታወት ወይም በሸክላ መጋገሪያ ገልብጡ። ስስ አልሙኒየም አይሁን፤ ኮኩና ሎሚው ጎምዛዛ ስለሆኑ የብረት ጣዕም ያመጣል። ኦቨኑን በ200 ዲግሪ አሙቁና ፍሬውን ብቻውን ለ15 ደቂቃ አስገቡት። ይህን አትዝለሉ። ሊጡ የሚያርፈው ትኩስ ፍሬ ላይ ሲሆን ከሥሩም ይበስላል። ቀዝቃዛ ፍሬ ላይ ከሆነ ላዩ ቡናማ ሆኖ ሆዱ ጥሬ ይቀራል።

በዚያ መሀል ሊጡን አዘጋጁ። 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ስኳር፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉ። 100 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ ቆራርጣችሁ ጨምሩና ዱቄቱ ፍርፋሪ እስኪመስል በጣት ጫፍ እሹት። ደሴ ብርዱ ይረዳናል፤ ቅቤው ጠንካራ እንደሆነ ይቆያል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ከቀለጠ ሊጡ ድርቅ ያለ ነው የሚሆነው። የአበሻ ቅቤም ይሆናል፤ ለጋና በደንብ የታጠበ፣ ቅመም ያልገባበት ከሆነ ብቻ። የበሰለ ቅቤ ኮኩን ይውጠዋል።

ፈሳሹ ላይ ደግሞ እኛ ዕድለኞች ነን። የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ለዚህ ሊጥ የሚመርጡት ቅቤ ከተናጠ በኋላ የሚቀረውን ነው፤ አሬራ ማለት ነው። አሬራ ካገኛችሁ አንድ ኩባያ ያህል በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ ያን ጊዜ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 1 ማንኪያ ቀንሱና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አክሉ። ጎምዛዛው ሶዳውን ያስነሳዋል፣ ሊጡም ይለሰልሳል። አሬራ ከሌለ ወተት ወይም በውሃ የቀጠነ እርጎ ይሠራል፤ እርጎ ከሆነ የሶዳውን ነገር እንደ አሬራው አድርጉ። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ የላላ፣ ከማንኪያ ግን የማይፈስ መሆን አለበት። ብዙ አታሹት። ሁሉም እርጥብ እንደሆነ አቁሙ፤ በታሸ ቁጥር ይጠነክራል።

ፍሬውን አውጡና ሊጡን በማንኪያ እየቆነጠራችሁ ላዩ ላይ ጣል ጣል አድርጉ። መሀል መሀሉ ክፍት ይሁን፤ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል። ትንሽ ስኳር ነስንሱበትና መልሱት። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ላዩ ወርቃማ ሲሆን፣ ሊጡ ውስጥ የገባ ስንጥር ንጹሕ ሆኖ ሲወጣና ጭማቂው ያልኳችሁን ወፍራም አረፋ ሲያወጣ ደርሷል። ላዩ ቀድሞ ከቀላ በፎይል ሸፍኑት እንጂ አታውጡት።

መብራት ከሄደ፣ ወይም ኦቨን ከሌለ፣ በፍም ነው። ወፍራም ብረት ድስት ውሰዱና ውስጡን በኮባ ቅጠል አልብሱት። እኔ ይህን ከድፎ ዳቦ ነው የወሰድኩት። ቅጠሉ ፍሬው ብረቱን እንዳይነካ ይከላከላል፣ የራሱን ሽታም ይሰጣል። የተለወሰውን ፍሬ ከድናችሁ ምድጃ ላይ እስኪፈላ አሙቁ፤ ከዚያ ሊጡን ጣል አድርጉና ጠፍጣፋ ብረት ክዳን ወይም ብረት ምጣድ ድፉበት። ፍሙን ስታካፍሉ አንድ እጁን ከታች፣ ሁለት እጁን ከላይ አድርጉ። ስኳር ያለበት ፍሬ ከታች ቶሎ ያርራል፤ ሊጡን የሚያበስለው የላይኛው እሳት ነው። በየ10 ደቂቃው ድስቱን ሩብ ዙር አዙሩት፣ አንድ ወገን ብቻ እንዳይጠቁር። ከ25 ደቂቃ በፊት ክዳኑን አታንሱ። ይህን ሁሉ ደግሞ በረንዳ ላይ ወይም ነፋስ በሚገባበት ማድቤት አድርጉ። ክረምት ነው፣ ይበርዳል፤ ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላል።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ ኮኩ ግን ገና ገበያ ላይ ነው። የጾሙን ቅቤውን በሲሶ ኩባያ ዘይት፣ ወተቱን በየሱፍ ውሃ ቀይሩት። ሱፉ ወፈር ተደርጎ ይጠለል። ቤኪንግ ፓውደሩ 1 ተኩል ማንኪያ እንደሆነ ይቆያል። ሊጡ እንደ ቅቤው አይፈረፈርም፤ ጣዕሙ ግን ሙሉ ነው፣ የሱፉ ሽታም ከኮረሪማው ጋር ይሄዳል። እኔ ቤት አንዳንዱ ከፍስኩ ይልቅ ይህን ነው የሚመርጠው።

ከእሳት እንደወጣ አትቁረሱት። ጭማቂው ሲበርድ ነው የሚወፍረው፤ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እስኪደርስ በቂ ነው። ለብ ብሎ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ክሬም ፈስሶበት ይበላል። ለጎረቤት ስትልኩ ከሊጡም ከፍሬውም እኩል ጥለቁ እንጂ ላዩን ብቻ አትላኩ።

ከተረፈ እስከ ማግስቱ ጠዋት ተከድኖ ደሴ ብርድ ውስጥ ይቆያል፤ ኮምቦልቻ ከሆነ ፍሪጅ ይግባ። ለማሞቅ ድስት ውስጥ ውሃ አትጨምሩበት፣ ሊጡ ይረጥባል። ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ነው። ኮክ ርካሽ ሲሆን ደግሞ ሁለት ሦስት ኪሎ ላጡና በስኳርና በሎሚ ለውሳችሁ በፌስታል በልክ በልኩ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ስታርቹን ግን ያን ጊዜ አትጨምሩ፤ የምትጋግሩ ዕለት ነው የሚገባው። በረዶው የለቀቀ ኮክ ጭማቂው ስለሚበዛ ተጨማሪ ግማሽ ማንኪያ ስታርች አድርጉለት።