ቤተኛ የሚያደርግ ቤት

የራሴን አዳልት ፋሚሊ ሆም፣ ማለትም እንክብካቤ የሚሹ ሰዎችን ተቀብዬ የምጦርበትን ቤት ስከፍት ሳሎኑን እንደ ሆቴል አሳምሬው ነበር። ግራጫ ሶፋ፣ ግራጫ ምንጣፍ፣ መሐል ላይ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ሲያትል አካባቢ በሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ኬርጊቨር (ተንከባካቢ) ሆኜ ሠርቼ ያጠራቀምኳት ገንዘብ ዕቃ ላይ አለቀች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነዋሪዎቼ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ነበሩ። ቁርስ አቀርባለሁ፤ ሰሃናቸውን ሊያነሱ ሲሉ "ኧረ ይቀመጡ!" ብዬ እቀማቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ኮታቸውን ፍለጋ ይነሳሉ። "በጣም እናመሰግናለን፣ መሽቷል፣ እንሂድ" ይላሉ። በየቀኑ እንደዚሁ። በሩ ላይ ቆሜ ስለምን አመሻለሁ።

እኔ በሽታው ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሁለት ቀን ዝም ብላ አየችና፣ "ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች እኮ እንግዳ አድርገሽ ነው ያስቀመጥሻቸው። እንግዳ ሲመሽበት ወደ ቤቱ አይሄድም እንዴ?" አለችኝ።

እንግዳ አክባሪነታችን እዚህ ሥራ ላይ ይጎዳናል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀየርኩትን ሁሉ የቀየርኩት ሰዎቹን ከእንግድነት ለማውጣት ነው። ቤት ለመክፈት ለምታስቡ፣ በሰው ቤት ለምትሠሩ፣ እናት አባታችሁን ቤታችሁ ለምትጦሩም የሚሆን ነገር ይኖረዋል።

ለማታውቁት፣ አዳልት ፋሚሊ ሆም ማለት በዋሽንግተን ግዛት ሰፈር መሐል ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ፈቃዱ እስከ 6 ሰው ይሰጣል፤ ከ2020 ወዲህ ተጨማሪ መስፈርት ላሟላ እስከ 8 ይደርሳል። ኔዘርላንድ ውስጥ፣ አምስተርዳም አጠገብ ዌስፕ በምትባል ቦታ፣ ሆገቬይክ የሚባል ለመርሳት ሕሙማን የተሠራ መንደር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የተከፈተው። ሱፐርማርኬት አለው፣ ካፌ አለው። ቪዲዮውን እያየ የማይቀና ባለሙያ የለም። የእኛ ቤት ግን ድሮውንም ሰፈር ውስጥ ነው፤ ጎረቤት አለው፣ የፖስታ ሳጥን አለው፣ ጠዋት የቆሻሻ መኪና እያንኳኳ ያልፋል። ይህን ይዘን ነው እንግዲህ ኮሪደሩ ላይ የጓንት ካርቶን ደርድረን ክሊኒክ የምናስመስለው። ሕጉ ይለጠፍ የሚለውን ወረቀት አንድ ሰሌዳ ላይ ሰብስቡት። ጓንቱም ዳይፐሩም ቁም ሳጥን ይግባ።

ከሰውየው በፊት ወንበራቸው ይምጣ

ቤተሰብ ቤቱን ለማየት ሲመጣ ከመድኃኒት ዝርዝሩ ቀድሜ "ቤታቸው ሲሆኑ የሚቀመጡት የት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን የተማርኩት በአንድ ጡረታ በወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ልጃቸው ቡናማ የቆዳ ወንበራቸውን ላምጣ ስትለኝ አየሁት፤ የክንዱ ቆዳ ተቀዶ በጥቁር ቴፕ ተለጥፏል። ከግራጫው ሶፋዬ ጋር አይሄድማ! "ግድ የለም፣ እዚህ አዲስ አለ" አልኳት። ሰውየው ሁለት ሳምንት ሙሉ መቀመጫ ያጣ ሰው ሆኑ። ይዞራሉ፣ ቆመው ይበላሉ፣ እግራቸው አበጠ። በመጨረሻ ልጅቷ ወንበሩን በፒክአፕ ጭና መጣች። መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው። ሽማግሌው ጠጋ አሉ፣ እጃቸውን ቴፑ ላይ አሳረፉ፣ የተነሳውን ጠርዝ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና ተቀመጡ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ለካ ስንት ዓመት ቴሌቪዥን ያዩት የዚያን ቴፕ ጠርዝ እየጫሩ ነው።

ስለዚህ አዲስ ዕቃ አታስገዙ። የነተበ ብርድ ልብስ፣ የራሳቸው የራስጌ ሰዓት፣ እጀታው የተሸረፈ ኩባያ ይምጣ። ለአንድ ሰው መኝታ ክፍል ሕጉ የሚጠይቀው ትንሹ ስፋት 80 ስኩዌር ፊት ስለሆነ ወንበሩን ከማስጫናችሁ በፊት ለኩት፤ እኔ አንዴ ቁም ሳጥን ኮሪደር ላይ አሳድሬያለሁ።

የክፍሉ በር ላይ ፎቶ ስትለጥፉ የወጣትነቱን ምረጡ። ትውስታው ወደ ኋላ የሄደ ሰው የዛሬ ፊቱን ላያውቀው ይችላል፤ የሠርጉን ግን ያውቀዋል። መስታወትም እንደዚሁ ነው። አንዲት ሴትዮ በየጠዋቱ መታጠቢያ ቤት ገብተው ሹራባቸውን ከለበሰችባቸው "ሌላ ሴት" ጋር ይጣሉ ነበር። መስታወቱ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ጠቡ ቆመ።

ዓይናቸው የሚያየውን እዩ

ይህ በሽታ ትውስታን ብቻ አይነካም፤ ዓይን ያየውን አንጎል የሚተረጉምበትን መንገድም ያበላሻል። ጥቁር የእግር መጥረጊያ ጉድጓድ ይመስላል። እኔ ቤት መግቢያ ላይ የነበረውን አንዷ በየቀኑ ሊዘሉት ይሞክሩ ነበር። የሚያብረቀርቅ ወለል ውሃ ይመስላል፤ ሰውየው እግሩን እየጎተተ የሚሄደው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሰም መቀባቱን ተዉት።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ሽንት ቤት ነው። ነጭ መቀመጫ፣ ነጭ ወለል፣ ነጭ ግድግዳ አድርገን ሠርተን፣ ሰውየው ስቶ መሬት ላይ ሲሸና ዳይፐር እናስርለታለን። መቀመጫውን ቀይ ወይም ደማቅ ሰማያዊ አድርጉት። በሩን በቀን ክፍት ተዉት፣ ሌሊት መብራቱ ይብራ፤ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ባለው መንገድ ሰው ሲያልፍ የሚበሩ ትንንሽ መብራቶች ግድግዳው ግርጌ ላይ ሰኩ። ምልክት ከለጠፋችሁ ዝቅ ይበል፤ ዋከር (የመራመጃ ድጋፍ) የያዘ ሰው ዓይኑ መሬት ላይ ነው። የመታጠቢያው ሙቅ ውሃ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት እንዳይበልጥም በየጊዜው በቴርሞሜትር ለኩ።

ሳህንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት ሕመም የጠናባቸው ሰዎች በቀይ ሳህን ሲቀርብላቸው 25 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ምግብ በልተዋል። ነጭ ሩዝ በነጭ ሳህን ላይ አይታይም፣ ያው ነው። አበባ የተሳለበትን ሳህን ግን አትግዙ፤ አበባውን በሹካ ሲለቅሙ ይውላሉ።

ሲያትል ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ 10 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። ብዙዎቹ የሚረበሹት ብርሃን ሲደክም ስለሆነ እኔ 9 ሰዓት ላይ የቤቱን መብራት በሙሉ አበራለሁ፣ ሳይጨልምም መጋረጃ እዘጋለሁ። መጋረጃው የሚረሳ ነገር ነው። ውጭው ሲጨልም መስኮቱ መስታወት ይሆናል፤ የገዛ ጥላቸውን ያዩና ደጅ ሰው ቆሟል ብለው ይደነግጣሉ። ቴሌቪዥኑንም አጥፉት። ለኬርጊቨሩ ካልሆነ በቀር ዜና በዚያ ሰዓት ለማንም አይጠቅምም።

ሥራ ስጧቸው

እናቴ በሦስተኛው ቀን ምንም ሳትጠይቀኝ ምስር ሰፌድ ላይ አፍስሳ ለአንዲት አሜሪካዊት ሴትዮ ጉልበት ላይ አስቀመጠችላቸው። ቋንቋ አይግባቡም። ሴትዮዋ ግን እጃቸው ወዲያው ገባው። የአሜሪካ ምስር ንጹሕ ስለሆነ የሚለቀም ነገር የለውም፤ እኔ ዛሬም ራሴ ጥቂት ቦሎቄ ደባልቄ ነው የማቀርበው። ያገኘውን ወደ አፉ ለሚያስገባ ሰው ግን ይህን አትስጡ፤ ለእሱ ፎጣ ይሻላል።

ፎጣ ማጠፍ ትልቅ ሥራ ነው። አሥራ ሁለት ፎጣ አለኝ፤ በቀን አራት ጊዜ ይታጠፋሉ። ጠማማ ቢሆን ማንም ፊታቸው አያስተካክልም። አንዲት አዲስ ሠራተኛ አንዴ እንደ ቀልድ እያስተካከለች ስትደረድር ያዩ እናት ሳምንት ሙሉ ፎጣ አልነኩም። ጠረጴዛ ማዘጋጀት፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ቅጠል መጥረግ፣ ፖስታ ማምጣትም አለ። ሥራው የእውነት መሆን አለበት፤ የሕፃን መጫወቻ ሰጥታችሁ "ጎበዝ!" ብላችሁ አታጨብጭቡላቸው፣ ያውቃሉ።

ኩሽናውን ለዚህ ክፍት ማድረግ ያስፈልጋል። ኢንስፔክተር ይመጣል ብለን ኩሽናውን በአጥር የዘጋን አለን። መድኃኒትና የጽዳት ኬሚካል ተቆልፎ ይቀመጥ፣ የቢላዋው መሳቢያ ይቆለፍ፣ የምድጃው ማዞሪያ ከሥራ በኋላ ይነቀል። የቀረው ክፍት ይሁን፤ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ምግብ ጠልቶ የከረመን ሰው ወደ ጠረጴዛ ሲጠራ አይቻለሁ።

ቡና ልቁላ ብዬ ግን ጉድ ሆኛለሁ። ጭሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን አስጮኸው፤ የአንዱ ሲጮህ የሁሉም መኝታ ክፍል አብሮ ይጮኻል። ስድስት ሰው ለማረጋጋት እስከ ማታ ፈጀብኝ። አሁን ቡናው በረንዳ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቆላል፤ ከዚያ መንቀሽቀሻው ተይዞ ይገባና ለሁሉም ይሸታል። ከሰል ቤት ውስጥ በጭራሽ። ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ካለ ዕጣንም ሻማም የለም።

ጓሮ ላይ መንገዱን ክብ አድርጉት፤ ጫፉ የሚዘጋ መንገድ አጥር ሥር ያቆማቸዋል። ተክሉንም መርምሩ፤ እዚህ ዱር ለዱር የሚበቅለው ፎክስግሎቭ መርዝ ነው፣ የግዛቲቱ አበባ የሆነው ሮዶደንድሮን ራሱም መርዛም ነው።

ቋንቋ

ከነዋሪዎቼ አንዷ የጎንደር እናት ናቸው። ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ኖረው እንግሊዝኛው መጀመሪያ ጠፋ፤ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ መሄዱ የተለመደ ነው። ቀን እኛ አለን፤ ሌሊት ግን የምትሠራው ፊሊፒናዊት ናት። ቁም ሳጥኑ በር ውስጥ አሥር ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ለጠፍኩላት፦ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ያምዎታል?፣ በረደዎት?፣ አይዞዎት። አሁን "አይዞዎት እማማ" ስትል የእኛ ሰው ነው የሚመስለው። ነጠላቸውን ሳይለብሱ ከክፍል አይወጡም፤ ነጠላው ሁልጊዜ በሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ነው። እሮብና አርብ ወተት ስናቀርብላቸው ስለሚቆጡ የአጃ ወተት ገዛን፤ ስለ ጾሙ ከልጆቻቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመን ተነጋግረናል።

የሌላውም እንደዚያው ነው። እናንተ ለሥራ ባልደረባችሁ በአማርኛ የምታወሩት በአሜሪካዊው አናት ላይ ከሆነ በገዛ ቤቱ ባዕድ አድርጋችሁታል። ይህን ስናገር ከሠራተኞቼ ጋር ተኳርፌያለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁና። ወሬ ካማረን በረንዳ አለ። ሺፍት ስንቀያየርም ስለ ሰውየው ሽንትና መድኃኒት ፊቱ አናወራም።

"እናቴ ጋ ልሂድ" ለሚል ሰው ደግሞ "እናትዎ እኮ ሞተዋል" አትበሉ። በየቀኑ አዲስ መርዶ ነው። "እናትዎ ምን ምን ይሠሩ ነበር?" በሉና ይንገሯችሁ።

በሩ

ሰውን ለሠራተኛ ምቾት ብሎ ወንበር ላይ ማሰር በሕግ ክልክል ነው። በሩ ሲከፈት የሚጮህ ትንሽ ደወል ግን ጥሩ ነው፤ ባትሪውን በየጊዜው ቀይሩ። የበሩን ቀለም እንደ ግድግዳው ብታደርጉት ዓይን አይስብም፤ ፊት ለፊቱ ኮትና ጫማ አትስቀሉ።

ባለ ቡናማ ወንበሩ ሾፌር ሁልጊዜ ሲመሽ "አውቶቡሱን ልመልስ" ይላሉ። መከራከር ትቻለሁ። ሾፌር ሥራ ሲጨርስ ተኝቶ የቀረ ተሳፋሪ እንዳለ እስከ ኋላ ወንበር ሄዶ ያያል አይደል? እሳቸውም ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄደው እያንዳንዱን ክፍል አየት አድርገው ይመለሳሉ። "የቀረ አለ?" ስላቸው "ማንም የለም" ይሉና ይቀመጣሉ። አብዛኛውን ማታ በዚህ ያልቃል።

ካላለቀ ኮታቸውን አለብሳቸዋለሁ፣ የእኔንም እለብሳለሁ፣ አብረን እንወጣለን። የደጁን መብራት አብርቶ መውጣት ነው። ብሎኩን አንድ ዙር ዞረን ስንመለስ ብዙ ጊዜ መብራቱን አይተው ቀድመውኝ ደረጃውን ይወጣሉ፤ በሩን ለእኔ ይዘው "ግቢ፣ ብርድ ነው" ይሉኛል።