የዴሊቨሪ ሠራተኞች መብታቸውን የሚያጡባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሳይክልና በብስክሌት ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ ብዙ ወጣቶች በስልክ መተግበሪያ (አፕ) ከሚያሠራቸው ድርጅት ጋር ያላቸው ግንኙነት በሕግ ፊት ምን እንደሆነ ሳያጣሩ ሥራ ይጀምራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአፕ ስለሚሠራ ሥራ ለብቻው የደነገገው ነገር ባይኖርም፣ ይህ ማለት ሠራተኛው ከነጭራሹ ጥበቃ የለውም ማለት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ «ተባባሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለሁም» በሚል ወረቀት ላይ ስለፈረሙ ብቻ ነገሩ ያለቀለት አድርጎ መቁጠር ነው። በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ሊሠራ ሲስማማ ነው፤ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው ግን በአዋጁ አይሸፈንም። ስለዚህ ከውሉ ርዕስ ይልቅ አሠራሩን መመርመር ያስፈልጋል። የማድረሻ ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው? ኦርደር አልቀበልም ያለ ሞተረኛ ይታገዳል? ፈረቃ፣ መለያ ልብስና ቅጣት አለ? ቁጥጥሩ በድርጅቱ እጅ በሆነ መጠን የሠራተኛው ክርክር ይጠነክራል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠውም ፍርድ ቤት እንጂ የድርጅቱ ኃላፊ አይደለም።

በቃል ብቻ ተስማምቶ የገባ ሰውም መብት የለኝም ብሎ መተው የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት፤ አለመስጠቱም የሠራተኛውን መብት አያስቀርም።

ማስረጃን አፑ ውስጥ ብቻ መተው በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም አካውንቱ የተዘጋ ዕለት የሥራው ታሪክ አብሮ ይዘጋል። የኦርደሩ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ ክፍያውና የተቆረጠው ገንዘብ በአንድ ላይ የሚታዩበትን ገጽ በየሳምንቱ ስክሪንሾት አንሥቶ፣ ከአስተባባሪው የተላኩ የቴሌግራም መልእክቶችን ጨምሮ ሌላ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ይገባል።

ምግብ ፈሰሰ ወይም ደንበኛው ስልክ አላነሣም ተብሎ ገንዘብ ሲቆረጥ ዝም ማለትም ልማድ ሆኗል። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ በሚፈራረሙት ውል)፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከሠራተኛ ደመወዝ አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ለግል ዘርፍ በሥራ ላይ የዋለ አነስተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ በመሆኑም ነዳጅ፣ ጎማና ዘይት ሳይቀነስ የሚነገር ገቢ ማንንም ሊያታልል አይገባም።

በሥራ ላይ የደረሰን የትራፊክ አደጋ የግል ዕዳ አድርጎ መውሰድ ሌላው ስህተት ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ራሱን አሽከርካሪውን አይሸፍንም፤ የሥራ ግንኙነት መኖሩ ከተረጋገጠ ግን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱንና የሕክምና ማስረጃውን ማውጣት፣ አደጋውንም ለድርጅቱ ወዲያውኑ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

«ዛሬ ነገ እንነጋገራለን» በሚል ተስፋ ጊዜ ማሳለፍ ደግሞ ጥሩ ክርክርን ያስቀራል። ከሕግ ውጭ ተሰናብቻለሁና ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቅ ደግሞ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ክሱን ማቅረብ አለበት፤ የሥራ ክርክር ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ነው።