የሱፐርኮንዳክተር ባለሙያን ለረጅም ዘመን አስተዋጽኦ ሽልማት እንዴት እንጠቁም? (ከአራት ኪሎ ሆኖም ይቻላል)

አንድ ጓደኛዬ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን "ፕሮፌሰሬ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ለፍተው አንድም ሰው አልሸለማቸውም" ብሎ ተብከነከነ። ውጭ ሀገር ዶክትሬቱን ሲሠራ ያማከሩት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ላይ። "ታዲያ ለምን አንተ አትጠቁማቸውም?" አልኩት። ሳቀብኝ። "እኔ ማን ነኝና? ያውም እዚህ ቁጭ ብዬ?"

ጠቆምናቸው። በመጀመሪያው ዙር ወደቅን። ጥፋቱም የኛው ነበር፣ እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ ጣጣ የተማርኩትን ግን ልጻፈው፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ሰው አይጠፋም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንተማመን። የሽልማት ኮሚቴ ጎበዝ ሰው ፍለጋ አይዞርም። የሚያየው የቀረበለትን ፋይል ነው። ሁሉም ሰው "እሳቸውንማ ሌላ ሰው ጠቁሟቸው ይሆናል" እያለ ሲተው ሰውዬው ሳይጠቆሙ ቢሯቸውን ያስረክባሉ።

ስለምን እያወራን ነው?

ለማያውቀው ባጭሩ። አንዳንድ ብረቶች በጣም ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ብክነት ያሳልፋሉ፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉት እነሱ ናቸው። ይህን በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሆላንድ ውስጥ ላይደን ላይ ሜርኩሪ እያቀዘቀዘ ያገኘው ሄይክ ካመርሊንግ ኦነስ ነው። ዛሬ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ 1.5 ቴስላ (ቴስላ የመግነጢስ ጉልበት መለኪያ ነው) የሚባለው ኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳው ማሽን፣ ውስጥ የገባ ሰው ሱፐርኮንዳክተር መሐል ተኝቶ ተነሥቷል። ዙሪያውን የተጠመጠመው የኒዮቢየም-ታይታኒየም ሽቦ ነው፣ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ የቀዘቀዘ። ጉልበቱ ከምድር መግነጢስ ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል።

ያ ጆሮ የሚያደነቁረው ኳኳታ ግን የሱ አይደለም። ምስሉን ለማንሳት ቶሎ ቶሎ የሚበሩና የሚጠፉ ሌሎች መጠምጠሚያዎች ናቸው የሚንጫጩት። ዋናው ማግኔት ድምፅ የለውም፣ ሌሊትም አይጠፋም። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ በቆመበት ሰዓት ጆሮ ብትሰጡ "ጭው… ጭው…" የሚል ነገር ትሰማላችሁ። ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው መሣሪያ ነው። እዚያች ጭው ጭው ላይ ብቻ ዕድሜያቸውን የጨረሱ መሐንዲሶች አሉ። የምናወራቸው ሽልማቶች ለነሱ ዓይነት ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ሽልማቱን ምረጡ

በዚህ ሙያ ትልቁ ቤት የአይ ትሪፕል ኢ የሱፐርኮንዳክቲቪቲ ካውንስል ነው። አይ ትሪፕል ኢ ማለት የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው። ካውንስሉ በሙያው ውስጥ ለቀጣይና ጉልህ አስተዋጽኦ የሚሰጠው ሽልማት አለ። ሜዳሊያው ከወርቅ አይደለም፣ ከንጹሕ ኒዮቢየም ነው የሚሠራው። ለኔ ይሄ ከወርቅ ይበልጣል፣ ሰውዬው ሲታገሉት የኖሩትን ብረት መልሶ አንገታቸው ላይ እንደማንጠልጠል ነው።

ለቁሳቁስ ሰዎች፣ ማለትም ሽቦና ቅይጥ ለሚሠሩት፣ በዶክተር ጄምስ ዎንግ ስም የተሰየመ ለብቻው አለ። ዎንግ ሱፐርኮን የተባለውን የሽቦ ኩባንያ የመሠረቱ ሰው ናቸው። በማክስ ስወርድሎው ስም የሚሰጠው ደግሞ ለአገልግሎት ነው፦ ጉባኤ ያዘጋጀ፣ መጽሔት ያቆመ፣ የሙያውን ማኅበረሰብ በትከሻው የተሸከመ ሰው። የቫን ዱዘር ሽልማትን ከነዚህ ጋር እንዳትቀላቅሉት፤ እሱ ለአንድ ጥሩ ጥናታዊ ጽሑፍ ነው። የሰውዬው ሥራ ማቀዝቀዣው ላይ ካመዘነ የክራዮጀኒክስ (የከፍተኛ ቅዝቃዜ ሙያ) መሐንዲሶች የሜንደልሰን ሽልማትም አለ።

ፌሎው የሚባለውን የአይ ትሪፕል ኢ ከፍተኛ የአባልነት ማዕረግም ሰው ያነሣል። ክብር ነው፣ ግን ሌላ መንገድ ነው። ለሱ እጩው አስቀድሞ የማኅበሩ ሲኒየር አባል መሆንና ቢያንስ አምስት ዓመት በአባልነት መቆየት አለበት። አባል ያልሆነ ሰው ይዛችሁ እዚያ በር ላይ አትቁሙ።

እኛ እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ቀን አባከንን። ጓደኛዬ "ሁሉም ላይ እናስገባ" አለ፣ እንደ ኮንዶሚኒየም ምዝገባ። አይሆንም። አንዱን ምረጡ፣ ፋይሉን ለሱ ልክ ስፉለት። የዚያን ዓመት ደንብ ከሽልማቱ ገጽ ላይ አንብቡ፤ ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ገጽ፣ ማን ሊጠቁም ይችላል የሚለው እዚያ ላይ ነው ያለው። በአይ ትሪፕል ኢ ትልልቅ ሽልማቶች ራስን በራስ መጠቆም ክልክል ነው፣ የሞተ ሰውም አይጠቆምም። "ሲሞት እናመሰግነዋለን" የሚለው ልማዳችን እዚህ ቤት አይሠራም።

ሰውዬው ምን ቀየሩ?

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ቅጹ ላይ "ለምን ይሸለማሉ?" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጠየቃላችሁ። ካሸነፉ መድረክ ላይ የምትነበበው እሷ ናት። የኛ የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ትላለች፦

"በተግባራዊ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ መስክ ላበረከቱት የላቀና ዘርፈ ብዙ አስተዋጽኦ።"

በአየር ተሞልታለች፣ ውስጧ ግን ምንም የለም። ለማንኛውም ሰው ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቅጹ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መጀመሪያ በአማርኛ፣ ያውም ለእናታችሁ እንደምታስረዱት አድርጋችሁ ጻፉት። ባዶ ቃል በእንግሊዝኛ ይደበቃል፣ በእናት ቋንቋ ይጋለጣል።

ጓደኛዬን "እሳቸው ባይኖሩ ምን አይሠራም ነበር?" ብዬ ያዝኩት። ትንሽ አሰበና ድርቆሽ አነሣ። ደርቆ ያለቀ እንጀራ መጠቅለል ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ፍርክስክስ ይላል። ኒዮቢየም-ቲን የሚባለው ሱፐርኮንዳክተርም እንደዚያው ነው። ከኒዮቢየም-ታይታኒየም የበለጠ ብርቱ መግነጢስ ይችላል፣ ግን ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ንጥረ ነገሮቹ ገና ሳይዋሐዱ፣ ሽቦው ለስላሳ ሆኖ ይጠመጠማል፤ ከዚያ በኋላ ነው 650 ዲግሪ ገደማ ባለው ምድጃ ለቀናት የሚጋገረው። ሰውዬው የደከሙት የዚያን ሽቦ የውስጥ ክሮች በማቅጠን ላይ ነው፣ ማግኔቱ ሥራ ላይ ሳለ ድንገት ሞቆ እንዳይከዳ።

ሁለተኛው ረቂቅ በዚህ ወጣ፦ "ተሰባሪ የሆነውን የኒዮቢየም-ቲን ሽቦ ክሮች በማቅጠን ለትልልቅ ማግኔቶች አስተማማኝ ስላደረጉ፣ ይህንንም ሙያ ለተከታዩ ትውልድ ስላስተማሩ።" ማን እንደሆኑ ባታውቁም ምን እንደሠሩ አወቃችሁ። በቃ፣ ይሄ ነው የሚፈለገው።

ማስረጃ ልቀሙ

ሲቪያቸውን ብቻ አያይዛችሁ አትሩጡ። ኮሚቴው 200 ጥናታዊ ጽሑፍ ያለው ሰው ሞልቶታል። የሚፈልገው ሥራው የት እንደገባ ነው። ጄኔቫ አጠገብ ያለውን የሰርን (የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል) ትልቁን የቅንጣት ማፋጠኛ አስቡት፦ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር፣ ጨረሩን የሚያጥፉት ዋና ማግኔቶች 1,232። የአንድ ሰው ትንሽ ማሻሻያ እያንዳንዳቸው ውስጥ ገብታ ከሆነ ያቺ ቁጥር ከገጽ ሙሉ የጽሑፍ ዝርዝር ትበልጣለች። ስለዚህ ጠይቁ፦ የትኛው ማሽን ውስጥ አለ? ማን ገዛው? የትኛው ፋብሪካ በሳቸው ዘዴ ይሠራል? ተማሪያቸው የት ላቦራቶሪ ይመራል?

እጩው ሐበሻ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የጥናት መፈለጊያዎቹ አንዱን ጽሑፍ በራሱ ስም፣ ሌላውን በአባቱ ስም፣ ሦስተኛውን በአያቱ ስም መዝግበው አንድን ሰው ሦስት ያደርጉታል። ሁሉንም ፈልጋችሁ አንድ ላይ ሰብስቡ፣ ፋይሉም ላይ "እነዚህ ሁሉ እሳቸው ናቸው" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። አለዚያ የልፋታቸው ሲሶ ብቻ ይቆጠርላቸዋል።

ለሰውዬው ንገሯቸው ወይስ አትንገሯቸው? እኔ ንገሯቸው ባይ ነኝ። ትክክለኛውን መረጃ ያለሳቸው አታገኙም። ብቻ "ሊሸለሙ ነው" አትበሏቸው፣ "ልንጠቁምዎት ነው" በሏቸው።

ደብዳቤዎቹ (እኛ የወደቅንበት)

አሁን ወደ ጥፋታችን። ደብዳቤ እንዲጽፉልን ሰዎቹን የጠየቅናቸው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አንደኛው "እሺ" ብሎ ዕረፍት ወጣ። ደብዳቤው ደረሰ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ። ሌላኛው ቶሎ ላከ፣ ግን ግማሽ ገጽ ነው፤ ያውም ፕሮፌሰሩ ምን ያህል ደግና ሰው አክባሪ እንደሆኑ ነው የሚያወራው።

ይሄኛውን እኛም እናውቀዋለን። "ለሚመለከተው ሁሉ፣ ታታሪ፣ ታዛዥ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላቸው…" ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ ክብ ማህተም። እዚህ መሥሪያ ቤት ማህተሟ በሩን ትከፍታለች። እዚያ ግን ማህተም የሚያይ የለም፣ ጨዋነትም አያሸልምም።

ስለዚህ ከሦስት ወር በፊት ጠይቁ። አብረዋቸው የጻፉትን ሰዎች ብቻ አትያዙ፤ ሥራቸውን የተጠቀመ፣ ቢቻል የተፎካካሪ ላቦራቶሪ ሰው ፈልጉ። የተፎካካሪ ምስጋና ከአሥር የጓደኛ ውዳሴ ይከብዳል። ከተለያየ ተቋምና ከተለያየ ሀገር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ደብዳቤውን እናንተ ጽፋችሁ "ፈርምልኝ" እንዳትሉ፤ ነውር ነው፣ ደግሞም ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆነው ያስታውቃሉ። ይልቅ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ማስታወሻ ላኩና ክፍል አከፋፍሉ፦ አንዱ ስለ ሽቦው፣ አንዱ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ስለሆነው፣ አንዱ ስላፈሯቸው ተማሪዎች። በየሦስት ሳምንቱ በትህትና አስታውሱ። ፈረንጅም ይረሳል።

ሰዓቷን ተጠንቀቁ

ከቀኗ ይልቅ ሰዓቷ ታጃጅላለች። "እኩለ ሌሊት ይዘጋል" ሲል የማን እኩለ ሌሊት ነው? የኒውዮርክ ከሆነ እኛ ጋ ነግቷል፦ በነሱ በጋ ጠዋት 1 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት 2 ሰዓት። የዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ከሆነ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አለቀ፣ እናንተ ተኝታችኋል። ቀኗንም ከእኛ አቆጣጠር ጋር ሁለቴ አመሳክሩ። ከሁሉ የሚሻለው ከሦስት ቀን በፊት መጨረስ ነው፣ መብራት እንደሚሄድ ኔትወርክም እንደሚንቀራፈፍ እያወቅን ለመጨረሻዋ ሌሊት ማሳደር ራስን መጥላት ነው። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ከጫናችሁ በኋላ መልሳችሁ ክፈቱና ሁሉም ገጽ መኖሩን እዩ። የኛ አንዷ ገጽ ተገልብጣ ነበር።

ከላካችሁ በኋላ

ደብዳቤ ለጻፉት ሁሉ በዚያው ቀን አመስግኑ። ከዚያ ጠብቁ፣ ረጅም ነው። የካውንስሉ ሽልማቶች ከሚሰጡባቸው መድረኮች አንዱ የሆነው የተግባራዊ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ጉባኤ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚካሄደው፤ በ2024 ሶልት ሌክ ሲቲ ነበር። ካልተመረጡ ፋይሉን አትጣሉት። በዚህ ሙያ ትዕግሥት ያለ ነው። ጆን ክላርክና ሁለት ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ አጋማሽ በሱፐርኮንዳክተር ሰርኪዩት ለሠሩት ሙከራ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ2025 ነው፣ 40 ዓመት ቆይቶ።

እኛም በሚቀጥለው ዙር መልሰን አስገባን። አዲስ ረቂቅ፣ ሦስት ደብዳቤ፣ አንዱ ከተፎካካሪ። ጓደኛዬ "ላክ" የምትለዋን ቁልፍ የተጫናት ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው አራት ኪሎ፣ የስልኩ ባትሪ 9 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ነው። መልሱን እየጠበቅን ነው።