ካርቱኑ ሲያልቅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማን መረጠው?

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው አያቷ «ነይ፣ እጅሽን ታጠቢ» ቢሏት «ሻት አፕ!» አለቻቸው፤ በእንግሊዝኛ «አፍሽን ዝጊ» እንደማለት ነው። እሳቸው ትርጉሙን ስላላወቁ ፈገግ አሉ። እኔ ግን ክው አልኩ። ቤታችን ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው የለም።

ሳጣራ እኔ የከፈትኩላት ካርቱን ምንም አልነበረበትም። ችግሩ ከእሱ በኋላ የመጣው ነው። ዩቲዩብ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ራሱ ያስከትላል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ታላቅን መስደብ እንደ ጨዋታ ቀርቧል፤ ከጀርባ ሳቅ ይሰማል።

እናንተም ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። ቪዲዮውን ነካ ስታደርጉት ከላይ አውቶፕሌይ የምትባል፣ ቀጣዩን በራሱ የምታስከትል ቁልፍ ትመጣለች፤ አጥፏት። ያልወደዳችሁት ቻናል ሲመጣ ከርዕሱ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ ዳግም እንዳይቀርብ እዘዙ። ዩቲዩብ ኪድስ የሚባለው የልጆች መተግበሪያ ካላችሁ ደግሞ ወላጅ የፈቀደው ብቻ እንዲታይ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ያኔ ልጁ በራሱ ፈልጎ ማግኘትም አይችልም።

ስልኩን ማስተካከል ብቻውን ግን አይበቃም። ለአስር ደቂቃም ቢሆን አብራችሁ ቁጭ በሉ። እኔ ቪዲዮውን አቁሜ «እኛ ብንሆን ምን እንላለን?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሺ እማማ፣ መጣሁ» አለች። ቁጣ አላስፈለገም።

ማታ ማታ ስልኩ ይቀመጣል። አያቷ «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ትላለች፤ አሁን አሁን እንዲያውም ቀድማ ጠያቂዋ እሷ ሆናለች።