ሜይሉ የውሃ ሽታ ሲሆን፦ የክላምኤቪ ሴቲንግ ችግርና መፍትሄ

ይህ የራሳችሁን የሜይል ሰርቨር ለምታስተዳድሩ ነው። ሜይል የሚቀበልና የሚያደርስ ፖስትፊክስ አለ፣ ቫይረስ የሚፈትሽ ክላምኤቪ አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው የክላምኤቪ ሚልተር አለ። ሰርቪሱ መነሳቱን፣ ዲስኩ አለመሙላቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። 68 ፊደል ያላትን፣ ጉዳት የሌላትን የኢካር ጸረ ቫይረስ መሞከሪያ ፋይል ልካችሁም ተይዛለች። ይህን ያላደረገ መጀመሪያ አድርጎ ይመለስ።

ምልክት፦ ላኪው «ልኬያለሁ»፣ ተቀባዩ «አልደረሰኝም»፣ ስፓም ውስጥም የለም

ስልኬ የሚጮኸው ባብዛኛው በዚህ ነው።

አንድ አስመጪ ቢሮ ጠሩኝ። ከቻይና ፕሮፎርማ እየጠበቁ ነው፣ በማግስቱ ባንክ ማስገባት አለባቸው። ላኪዋ ሦስት ጊዜ ልካለች። የላከችበትን ስክሪንሾት ሳይቀር በዋትስአፕ አሳይታቸዋለች። የሒሳብ ሠራተኛዋ «ኔትወርኩ ነው» እያለች ሞደሙን ታጠፋለች፣ ታበራለች።

የፖስትፊክስን ሎግ ከፈትኩት። ሦስቱም ሜይሎች ደርሰዋል። ሦስቱም ላይ «ሚልተር ዲስካርድ» የሚል ቃል አለ። ማለትም ሰርቨሩ ለላኪው «250፣ ተቀብያለሁ» ብሎ መለሰ፣ ከዚያ ሜይሉን ጣለው። ላኪዋም ሠራተኛዋም አልዋሹም። የክላምኤቪን ሎግ ሳይ ደግሞ ምክንያቱ ተጽፏል፦ «ሂዩሪስቲክስ ፊሺንግ ኢሜይል ኤስኤስኤል ስፑፍ»። ፊሺንግ፣ ማለትም አስመስሎ የሚያጭበረብር ሜይል ነው ብሎ ጠርጥሮታል።

ፕሮፎርማው ምን አጠፋ? ምንም። ጥፋቱ ከስሟ በታች ያለው ፊርማ ላይ ነው። የድርጅቷ ዌብሳይት ሲታይ በኤችቲቲፒኤስ ይጀምራል። ማውሱን ስታስጠጉበት ግን ከስር ያለው ሊንክ አሮጌው ኤችቲቲፒ ነው። ኤስ የምትባል አንዲት ፊደል ጎደለች፣ ቢሮው አንድ ቀን ሙሉ ታመሰ።

መንስኤ

ሁለት ናቸው፣ ሁልጊዜም ተያይዘው ይመጣሉ።

አንደኛው፣ በክላምኤቪ ኮንፊግ ውስጥ «አለርት ፊሺንግ ኤስኤስኤል ሚስማች» (እንደዚህ ኤስ የጎደለበትን ሊንክ የሚይዘው) እና «አለርት ፊሺንግ ክሎክ» (የተሸሸገ አድራሻ የሚይዘው) የሚባሉት «የስ» ተደርገዋል። ዲፎልታቸው «ኖ» ነው። ለምን «ኖ» እንደሆነ እዚያው ፋይል ላይ ከጎናቸው ተጽፏል፦ ንጹህ ሜይል ሊይዙ ይችላሉ። ግን ማን ያነባል! ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ «ኖ» ያየውን ሁሉ «የስ» እያደረገ ወርዷል። ጥብቅ ማድረጉ ነው። በር ላይ ዘበኛ አቁሞ ባለቤቱንም አታስገባ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። በሚልተሩ ኮንፊግ «ኦን ኢንፌክትድ» (የተያዘ ሜይል ምን ይደረግ) የሚለው «ብላክሆል» ተደርጓል። ትርጉሙ ተቀበልና የውሃ ሽታ አድርገው ነው። ላኪ አያውቅ፣ ተቀባይ አያውቅ።

ልጁን ብወቅስም እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። ሥራ እንደጀመርኩ «ቫይረስ አስቀምጬ ምን ላደርግ ነው» ብዬ አንድ ሰርቨር ላይ ብላክሆል አደረግሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንት ነገር እንደበላ ያወቅሁት የጨረታ ማብራሪያ ሲጠፋ ነው። ብላክሆል የበላው አይመለስም። ከሎጉ የላኪዎቹን አድራሻ ለቅሜ «እባክዎ ይድገሙልን» እያልኩ አንድ በአንድ ስደውል ዋልኩ።

መፍትሄ

ሁለቱን አለርቶች ወደ «ኖ» መልሱ። «ፊሺንግ ስካን ዩአርኤልስ» ግን «የስ» ሆኖ ይቆይ። ተናዳችሁ እሱንም እንዳትዘጉት! ሊንኮችን እየፈተሸ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

«ኦን ኢንፌክትድ»ን ወደ «ኳራንቲን» መልሱ፤ ዲፎልቱም እሱ ነው። ያኔ ሜይሉ የፖስትፊክስ ሆልድ ወረፋ ውስጥ ይቀመጣል። ወረፋውን ስታዩ ከመለያ ቁጥሩ አጠገብ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት የተያዘው ነው። ንጹህ ከሆነ በ«ፖስትሱፐር» ትዕዛዝ ትለቁታላችሁ። ግን በየቀኑ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የሚያይ ሰው የሌለበት ቢሮ «ሪጀክት» ያድርግ፤ ቢያንስ ላኪው ወዲያው ይነገረዋል፣ በስልክም ቢሆን ይደውላል።

ተጠንቀቁ፦ ከተቀበላችሁ በኋላ ለላኪው «ቫይረስ ልከሃል» የሚል መልስ የሚልክ ነገር አታብሩ። የፊሺንግ ላኪ አድራሻ ባብዛኛው የተሰረቀ ነው። መልሱ የሚደርሰው ምንም ለማያውቅ ሰው ነው፣ የእናንተ ሰርቨር ስፓም ላኪ ተብሎ ይመዘገባል።

የተያዘውን ሜይል ሎግ ላይ የሚመዘግበውን «ሎግ ኢንፌክትድ»ንም ከ«ኦፍ» ወደ «ፉል» ቀይሩት። ነገ ስትፈልጉ ታመሰግኑኛላችሁ።

ከዚያ ሁለቱንም ሰርቪስ ሪስታርት። ሪሎድ አላልኩም። ሪሎድ የሚያነበው የቫይረሱን ዳታቤዝ ብቻ ነው። «ቀየርኩት ግን አልሠራም» የሚሉኝ ሁሉ ሪሎድ ያደረጉ ናቸው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም «ስፑፍድ ዶሜይን» እያለ የባንክ ማሳወቂያ የሚይዝ ከሆነ፣ ባንኩ ሜይሉን በሌላ ድርጅት በኩል እየላከ ነው ማለት ነው። የሚታየው የባንኩ አድራሻ ነው፣ ሊንኩ ግን ማን እንደነካው በሚቆጥረው ድርጅት በኩል ያልፋል። ዳታቤዙ ባለበት ፎልደር መጨረሻው ደብሊውዲቢ የሆነ ፋይል ክፈቱ። የእንግሊዝኛው «M»፣ ሁለት ነጥብ (የእንግሊዝኛው «:»)፣ እውነተኛው አድራሻ፣ ሁለት ነጥብ፣ የሚታየው አድራሻ። እውነተኛው ይቀድማል። ሰው ሁሉ ይገለብጠዋል፣ እኔም ሁለቴ ገልብጬዋለሁ። እዚህ ላይ ሪሎድ ይበቃል።

ምልክት፦ ዳታቤዙ አፕዴት ሲሆን ክላምኤቪ ይሞታል፣ ሜይል ይዘገያል

ራም አንሷል። ዳታቤዙ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ራም ይይዛል፤ አፕዴት ሲሆን አዲሱን እየጫነ አሮጌውንም ስለማይለቅ እጥፍ ይሆናል። ርካሽ ነው ብላችሁ ባለ2 ጊጋ ሰርቨር ከተከራያችሁ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ክላምኤቪን ይገድለዋል። ወይ ራም ጨምሩ፣ ወይ «ኮንከረንት ዳታቤዝ ሪሎድ»ን «ኖ» አድርጉ። ሜይሉ ለአፍታ ይጠብቃል፣ በቃ። «ኦን ፌይል»ን (መፈተሽ ሲያቅት ምን ይደረግ የሚለውን) ግን ከ«ዲፈር» (ይቆይ) ወደ «አክሴፕት» (ይለፍ) እንዳትቀይሩ። አንድ ጎበዝ ቀይሮ «ሜይል መዘግየት ቆመ» አለኝ። አዎ፣ ፍተሻውም ቆሟል።

ሌሎች

ዳታቤዙን የሚያወርደው ፍሬሽክላም ከታገደባችሁ፣ ባብዛኛው በአንድ አይፒ ሥር ያሉ ብዙ ማሽኖች እያንዳንዳቸው እያወረዱ ነው። አንዱ ያውርድ፣ ሌሎቹ ከእሱ ይውሰዱ።

ትልቅ ፋይል ሳይፈተሽ ካለፈ የመጠን ወሰኑን አልፏል። ክላምኤቪ ዝም ብሎ ንጹህ ይለዋል።

በፓስወርድ የተቆለፉ ፋይሎችን ሁሉ «አለርት ኢንክሪፕትድ» ይያዛቸው ካላችሁ፣ የባንክ ስቴትመንትም አብሮ ይያዛል። ምርጫው የእናንተ ነው።

«ሜይል ቦክስዎ ሞልቷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚለው ለምን ያልፋል? ክላምኤቪ የሚያወዳድረው የሚታየውን አድራሻ ከእውነተኛው ሊንክ ጋር ነው። «እዚህ ይጫኑ» አድራሻ አይደለም፣ ስለዚህ የሚወዳደር ነገር የለም። ላኪው የሌላ ሰው አድራሻ ሰርቆ ከሆነ የሚረዳው ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክን (ሜይሉ በእርግጥ ከተባለው ድርጅት መምጣቱን የሚያረጋግጡትን) መፈተሽ ነው፤ ያ ክላምኤቪ ውስጥ አይገኝም።